ለብቻ የታወጀ ሰላም የማን ሰላም ነው?

ፍቅርና ጦርነት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሲገናኙ አንባቢ ዘወትር በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን የፍቅሩን ታሪክ ይዞ ጦርነቱን ከኋላ እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ይቆጥረዋል። ሌላው ወገን ጦርነቱን ይዞ ፍቅሩን እንደ ማጣፈጫ ይመለከተዋል። እኛ ግን ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት የሥነ ጽሑፍን ማኅበራዊ ተግባር ካለመገንዘብ የሚመነጭ ነው እንላለን። ሰው የሚያፈቅረውም ሆነ የሚዋጋው፣ የሚወልደውም ሆነ የሚሞተው በአንድ በተወሰነ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ በአንድ በተወሰነ የኑሮ ደረጃ ላይ ሆኖ ነውና።

ለዛሬው ውይይታችን መነሻ ያደረግነው አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። ርእሱን በአማርኛ «ጦር መሣሪያ ሆይ፣ ደኅና ሰንብት» ልንለው እንችላለን። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው መሣሪያንም ክንድንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ርእሱ ከጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ከሚወዱት ሰው እቅፍ መለየትንም ያመለክታል። መጽሐፉ ከታተመ ወደ መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር ግን ዛሬም አልበረደም። አንዳንዶች ከተጻፉት የፍቅር ታሪኮች ሁሉ የላቀ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የአንድ ከዳተኛ ወታደርና የአንዲት ማንነት የለሽ ሴት ተረት ነው ብለው ያጣጥሉታል።

ክርክሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው፣ የመጽሐፉ ሴት ባለታሪክ ሕያው ሰው ናት ወይስ የወንድ ምኞት ጥላ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከጦር ግንባር የሸሸው መኮንን ፈሪ ነው ወይስ አስተዋይ? የሚለው ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው፣ ይህ መጽሐፍ ጦርነትን በእርግጥ ይቃወማል ወይስ ተስፋ መቁረጥን ብቻ ያስተምራል? የሚለው ነው። ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

በቅድሚያ ላላነበቡት አንባቢያን ታሪኩን በአጭሩ እንግለጽ። ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፍሬድሪክ ሄንሪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ፣ ማንም ሳያስገድደው በኢጣልያ ጦር ውስጥ የአምቡላንስ ክፍል የመቶ አለቃ ሆኖ ያገለግላል። በጎሪዚያ ግንባር አጠገብ ካትሪን ባርክሌ የምትባል እንግሊዛዊት አስታማሚ ይተዋወቃል። መጀመሪያ ነገሩ ለእርሱ ጨዋታ ነው። ከሾፌሮቹ ጋር በምሽግ ውስጥ እራት በመብላት ላይ ሳለ የሞርታር ጥይት ወድቆ እግሩ ክፉኛ ይቆስላል። ሚላኖ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ሲታከም ከካትሪን ጋር ፍቅራቸው ይጸናል፤ እርስዋም ትፀንሳለች። ወደ ግንባር በተመለሰ ጊዜ የካፖሬቶው ሽንፈት ይደርሳል። በማፈግፈጉ ወቅት የገዛ ወገኖቹ ሊረሽኑት ሲሉ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ያመልጣል። ከካትሪን ጋር በሌሊት ጀልባ ቀዝፈው ስዊዘርላንድ ይገባሉ። በመጨረሻም ካትሪን ሎዛን ላይ በምጥ ተይዛ፣ ልጁም ሞቶ ይወለዳል፤ እርስዋም ደም ሲፈሳት ትሞታለች። ሰውየው በዝናብ ብቻውን ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንውሰድ። ካትሪን ባርክሌን የሚነቅፉ አንባቢያን የራስዋ ፈቃድ የላትም፣ እርሱ የፈለገውን ሁሉ እፈልጋለሁ ከማለት በስተቀር ሌላ ነገር አትናገርም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊቷ ሐያሲ ጁዲት ፌተርሊ ይህንኑ ነቀፌታ አጠናክራ፣ መጽሐፉ ለሴት ያለውን ጥላቻ በፍቅር ሽፋን የደበቀ ነው፣ ደራሲውም ካትሪንን በመግደል ወንዱን ከኃላፊነት ነፃ አውጥቶታል ስትል ጽፋለች። ይህ ነቀፌታ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የሴትን መስዋዕትነት እያሞገሱ የሴትን ድምፅ መንፈግ በብዙ አገሮች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ በመሆኑ፣ አንባቢ ይህን ጥያቄ ማንሳቱ የንቃት ምልክት ነው።

ሆኖም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሴትዮዋ ከየት እንደ መጣች መጠየቅ ይገባናል። ካትሪን ከፍሬድሪክ ጋር ከመተዋወቅዋ በፊት ለስምንት ዓመታት የታጨችለት ወጣት በሶም ጦርነት ተገድሎባታል። ሶም ማለት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 በአንድ ቀን ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች የሞቱበት ሜዳ ነው። እርስዋ ወደ ማስታመም ሥራ የገባችው እጮኛዋ በሰይፍ ትንሽ ተጭሮ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ይመጣል በሚል የልጅነት ሕልም ነበር። የመጣላት ግን ሰውነቱ በፈንጂ የመበታተኑ ወሬ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ጦርነትን ከመቶ አለቃው ቀድማ ታውቀዋለች። እርሱ ሲያታልላት እያወቀች ጨዋታው የከረፋ መሆኑን ፊት ለፊት የምትነግረው እርስዋ ናት። ሚላኖ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ተረኛ ሆና ቁስለኞችን የምታገለግለው፣ በሐይቁ ላይ ሰውየው ሲደክመው መቅዘፊያውን የምትቀበለው፣ እርጉዝ ሆና ድንበር የምታቋርጠው እርስዋ ናት። በቃልዋ የምታንሰውን ያህል በሥራዋ ትገዝፋለች። ስለዚህ የደራሲው ጉድለት ካትሪንን ደካማ አድርጎ መሳሉ ሳይሆን፣ ታሪኩ ሁሉ በወንዱ አንደበት ብቻ እንዲነገር ማድረጉ ነው ብለን እናምናለን።

በተጨማሪም ስለ አሟሟትዋ አንድ ነገር መባል አለበት። ከአንባቢያን አንዳንዶቹ የካትሪንን ሞት ደራሲው እንባ ለማስፈሰስ የፈጠረው ዘዴ ነው ይሉታል። በየመንደራችን ያሉ እናቶች ግን እንዲህ አይሉም። በአገራችን የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንላት ያለ ምክንያት አይደለም። ምጥ ምሕረት የሚጠየቅበት የሞት አፋፍ መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ሲመሰክር ኖሯል። ደራሲው በጦር ሜዳ የሚሞተውንና በወሊድ አልጋ ላይ የሚሞተውን በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚናገረው ዐቢይ ቁም ነገር አለ። ሐውልት የሚቆመው ለአንዱ ብቻ ቢሆንም ሁለቱም ሰዎች ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ፍሬድሪክ ሄንሪ ፈሪ ነውን? ሕዝባችን ስለ ሸሸ ሰው ሲናገር «አልሸሹም ዞር አሉ» ብሎ የሚያሽሟጥጥበት ዘይቤ አለው። በዚህ አባባል ውስጥ ሽሙጥም አለ፣ ማዘንም አለ። የመጽሐፉ አንባቢያንም እንዲሁ ተከፋፍለዋል። ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለመስጠት ካፖሬቶ ላይ በእርግጥ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1917 የጀርመንና የአውስትሮ ሃንጋሪ ጦር በካፖሬቶ አካባቢ የኢጣልያን መስመር ሰብሮ ገባ። በፕሌዞ ሸለቆ በተለቀቀ የመርዝ ጋዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኢጣልያ ወታደሮች በቆሙበት ሞቱ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ250 ሺህ በላይ የኢጣልያ ወታደሮች ተማረኩ፤ የተቀረውም እስከ ፒያቬ ወንዝ ድረስ አፈገፈገ። ከዚያ በፊት ይህ ሠራዊት ከሁለት ዓመት በላይ በኢዞንዞ ወንዝ ዳርቻ አሥራ አንድ ጊዜ እንዲያጠቃ ታዝዞ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ሲል ደሙን ሲያፈስ ቆይቶ ነበር። እግረኛው በአብዛኛው ከመሬቱ ተነቅሎ የመጣ ገበሬ ነበር። ጠቅላይ አዛዡ ሉዊጂ ካዶርና ግን ለሽንፈቱ ተጠያቂ ያደረገው ራሱን ወይም ጄኔራሎቹን ሳይሆን ተራውን ወታደር ነው። በይፋ መግለጫው ወታደሮቹ በፈሪነት እጃቸውን ሰጡ ሲል ከሰሰ።

የዚያ ጦር ዲሲፕሊን ምን ዓይነት እንደ ነበር ከቁጥሮቹ መረዳት ይቻላል። በጦርነቱ ዓመታት በኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶች ከተሰጡት የሞት ፍርዶች ውስጥ ወደ 750 የሚጠጉት ተፈጽመዋል። ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። እምቢ ካለ ክፍል ውስጥ በዕጣ እየመረጡ መግደልም በጠቅላይ አዛዡ መመሪያ የተፈቀደ ነበር። ከግንባሩ ጀርባ ያለው ሕዝብም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ቱሪን ላይ ዳቦ በጠፋ ጊዜ ለተቃውሞ ቢነሣ የተመለሰለት በጥይት ነበር። እንግዲህ ሽሽቱን ለመመዘን የሚነሣ ሰው በሚዛኑ በአንደኛው ወገን ይህን ሁሉ ማስቀመጥ አለበት።

ይህ ማለት ግን መቶ አለቃው ጀግና ነው ማለት አይደለም። አድናቂዎቹ የሚዘሉት አንድ ገጽ አለ። በማፈግፈጉ ወቅት መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም አብረውት የተሳፈሩ ሁለት የመሐንዲስ ክፍል ሃምሳ አለቆች ቅርንጫፍ ቆርጠው እንዲያነጥፉ ያዛቸዋል። እነርሱ እምቢ ብለው መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ፍሬድሪክ ሽጉጡን መዝዞ ይተኩሳል፤ አንዱን ይመታዋል። ቦኔሎ የተባለው ሾፌር ደግሞ የወደቀውን ሰው ይጨርሰዋል። ብዙም ሳይቆይ በታሊያሜንቶ ወንዝ ድልድይ ላይ ካራቢኒየሪዎች ከጦራቸው የተነጠሉ መኮንኖችን እየለዩ ሲረሽኑ ያው መቶ አለቃ ራሱ የሚሮጥ ሰው ሆኖ ይገኛል። ትቶ ስለ ሄደ ሰው ገደለ፤ ከዚያም ራሱ ትቶ ሄደ። ደራሲው በዚህ ላይ አንድም የፍርድ ቃል አይጨምርም። ፍርዱን ለአንባቢ ትቶታል። አንባቢው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፍቅሩ ስለሚመሰጥ የሟቹን ሃምሳ አለቃ አስከሬን በጭቃው ውስጥ ትቶት ያልፋል።

እኛም ጥያቄው ፈሪ ወይስ አስተዋይ የሚለው መሆን የለበትም የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ደኅና ሰንብት» ለማለት የሚችለው ማን ነው? የሚለው ነው። ፍሬድሪክ ሄንሪ ከአያቱ በባንክ ሐዋላ ገንዘብ የሚላክለት ሰው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። ስትሬዛ ሲደርስ የተቀመጠው በትልቅ ሆቴል ነው። ሊያዝ መሆኑን ነግሮ የራሱን ጀልባ የሰጠው የሆቴሉ መጠጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ስዊዘርላንድ ሲገባ ባለ ሥልጣኖቹ የተቀበሉት ሰነድና ገንዘብ ስላለው ነው። መቶ አለቃው በልቡ ከጦርነቱ ጋር ለብቻው ሰላም አውጇል። ያ ሰላም ግን የቆመው በሌላ ሰው ጀልባና በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ነው። ለሠራተኛው ኤሚሊዮ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት መጽሐፉ አይነግረንም።

በአንጻሩ አምቡላንስ ነጂዎቹን እንመልከታቸው። ውጭ አገር በተማርንበት ዘመን ስለዚህ መጽሐፍ ሲሰጥ በሰማነው ትምህርት ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮቹና ስለ ካትሪን ፀጉር ብዙ ተብሏል። ስለ ሾፌሮቹ ግን የጠየቀ አልነበረም። ለእኛ የመጽሐፉ ልብ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። በዘጠነኛው ምዕራፍ፣ ማጥቃቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ አራት መካኒኮች በምሽግ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ጦርነት ይከራከራሉ። አላጠቃም ስላለ ክፍልና ከአሥር አንዱ እየተቆጠረ ስለ መረሸኑ ይናገራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የአገሩ ልጅ ከተረሸነ በኋላ በወላጆቹ ደጅ ጠባቂ ወታደር መቆሙን፣ ቤተ ዘመድ እንዳይጠይቃቸው መከልከሉን፣ አባትየውም የመምረጥ መብቱን መነፈጉን ያስረዳል። ፓሲኒ የተባለው ደግሞ ከጦርነት የሚከፋ ነገር እንደሌለና አገሩን የሚመሩት ሰዎች ይህን ለመረዳት የማይችሉ መሆናቸውን ይናገራል። መቶ አለቃው ይቃወመዋል፤ ካልተዋጋን ነገሩ ይብሳል የሚል ክርክር ያቀርብለታል። ክርክሩ ሳይቋጭ ሞርታሩ ይወድቃል። ፓሲኒ ሁለት እግሮቹ ተቆርጠው እናቱንና ድንግል ማርያምን እየተጣራ ይሞታል።

መቶ አለቃው ፓሲኒ ወዳለበት መደምደሚያ ለመድረስ ሦስት መቶ ገጽ ያህል ፈጅቶበታል። መካኒኩ ግን ከመነሻው ያውቀው ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሾፌሮችም ዕጣ እንዲሁ ነው። አይሞ ከጠላት ሳይሆን ከገዛ ወገኑ የኋላ ጠባቂዎች በተተኮሰ ጥይት ይገደላል። የኢሞላው ሶሻሊስት ቦኔሎ መማረክን መርጦ ይሄዳል። ፒያኒ ከሚተመው ሠራዊት ጋር ይቀራል። ለእነዚህ ሰዎች ሐይቅ የሚያሻግር ጀልባም ሆነ ማዶ የሚጠብቅ ሆቴል የለም። ደራሲውን አክብረን ማመስገን የሚገባን እነዚህን ሰዎች በማሳየቱ ነው። መውቀስ የሚገባን ደግሞ ከመቶ አለቃው ጋር ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ወደ እነርሱ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ ባለማየቱ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ መጽሐፉን ማን እንደ ፈራው መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1929 ታሪኩ በመጽሔት ተከታትሎ ሲወጣ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ፖሊስ ለሥነ ምግባር አይበጅም በሚል የሰኔውን እትም ከመሸጥ አገደው። በፋሺስት ኢጣልያ ደግሞ መጽሐፉ የካፖሬቶን ውርደት ገልጧል ተብሎ ተከለከለ። ኢጣልያዊቷ ተርጓሚ ፈርናንዳ ፒቫኖ በ1943 ቱሪን ላይ በጀርመኖች የተያዘችው በዚህ መጽሐፍ የትርጉም ውል ሳቢያ መሆኑን በሕይወት ሳለች ተናግራለች። በኢጣልያ ሕዝብ እጅ በይፋ የገባው ፋሺዝም ከወደቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ቦስተን የፈራችው ፍቅሩን ነው፤ ሮማ የፈራችው ጦርነቱን ነው። አንድን መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ገዢዎች በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሲፈሩት፣ በውስጡ ከእንባ የበለጠ ነገር መኖሩ አያጠራጥርም።

ሮማ ስለ ምን ፈራች? ለዚህ መልሱ ከእኛው ታሪክ ጋር ይገናኛል። በካፖሬቶ ግንባር መስመሩ በመጀመሪያው ቀን ከተሰበረባቸው ክፍሎች አንዱ 27ኛው ኮር ነበር። የዚያ ኮር አዛዥ ፒየትሮ ባዶሊዮ ይባላል። ተራው ወታደር በፈሪነት ሲከሰስ እርሱ ለሹመት በቅቶ የአዲሱ ጠቅላይ አዛዥ ምክትል ሆነ። ከዓመታት በኋላ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ የዘመተውን ጦር በበላይነት ሊያዝ የመጣው ይኸው ሰው ነው። አገሩ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት ካጸደቀች ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በወታደሩና በገበሬው፣ በከብቱና በወንዙ ላይ የመርዝ ጢስ እንዲዘንብ አደረገ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተዋጋ በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ፤ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግም ተሰጠው። የኢጣልያ ገበሬ ልጆች በፕሌዞ ሸለቆ በጋዝ ታፍነው ሲሞቱ የዚያ ጦር አዛዦች የተማሩት ርኅራኄን ሳይሆን የመሣሪያውን ጠቀሜታ ነበር።

ሄሚንግዌይ ራሱም ይህን አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1936 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያው ወረራ ባወጣው ጽሑፍ፣ የሙሶሊኒ ልጆች የጠላት አውሮፕላን በሌለበት ሰማይ ላይ እንደሚበሩ፣ የድሆች ልጆች ግን በእግራቸው እየተጓዙ እንደሚሞቱ ለኢጣልያ ሕዝብ አስታውሷል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነጂ ሆኖ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1918 በፒያቬ ግንባር የቆሰለው ይህ ሰው በካፖሬቶ አልነበረም። በፓሲኒ አንደበት ያሰማውን ግን ከመጽሐፉ ሰባት ዓመት በኋላ በራሱ ስም ደግሞታል። ልብ ወለዱ ያልመለሰውን ጥያቄ ደራሲው በጋዜጠኝነቱ ሊመልስ መሞከሩ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያለን አቋም የሚከተለው ነው። መጽሐፉ ጦርነትን ይቃወማል፤ ይህም አሌ አይባልም። ክብር፣ ጀግንነትና መስዋዕትነት የሚሉት ቃላት በማይዋጋ ሰው አፍ እንዴት እንደሚረክሱ አሳይቷል። ነገር ግን መውጫ መንገዱን ያየው ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ታሪኩ ራሱ ደግሞ ያ መንገድ እንደማያዋጣ ይመሰክራል። ሁለቱ ሞንትሮ ላይ በበረዶው መካከል የገነቡት ትንሽ ዓለም ከጥቂት ወራት በላይ አልዘለቀም። ከአገር፣ ከጎረቤት፣ ከሥራና ከወዳጅ የተቆረጠ ደስታ አንድ ክፉ ሌሊት ሲመጣበት የሚያጽናናው ሰው አያገኝም። ካትሪን ስትሞት ሰውየው አብሮት የሚያለቅስ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሬሣ የሚያጅብ አንድም ሰው አልነበረውም። በእኛ አገር ዕድርተኛ የሆነ ድሃ እንኳ እንዲህ ብቻውን አይቀበርም፤ ቤተሰቡም ብቻውን ወደ ቤቱ አይመለስም። በዚህ ረገድ የመጽሐፉ ማብቂያ ለብቻ የታወጀ ሰላም ሰላም እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው። ደራሲው ይህን አስቦ ጽፎት ይሁን ሳያስበው፣ ለአንባቢ የሚቀረው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር መጽሐፍ የሚደረግ የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስል። በአገራችን በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል የተቀሰቀሰው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ የስንቱን ቤት በር እንዳንኳኳ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬም በየሠፈሩ ያልተመለሰ ልጅ የምትጠብቅ እናት፣ አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ወጣት፣ ስለ ሆነበት ነገር አፉን የማይከፍት ጎረቤት አለ። «ለምን ተመለሰ?» ብሎ የሚያንሾካሹክም አይጠፋም። ያን የተረሸነ ወታደር ወላጆች እናስታውስ፤ በደጃቸው ጠባቂ ያቆመባቸው መንግሥት ነበር። ሰው ደጃቸውን እንዳይረግጥ ማድረግ ግን ሐሜተኛ ጎረቤትም ይችላል። መጽሐፉ ካስተማረን ነገር ሁሉ ለነዋሪዎች ማኅበር አባል የቀረበው ይህ ነው። ከጦር ሜዳ ስለ ተመለሰ ሰው ከመፍረዳችን በፊት ማን እንደ ላከው፣ ምን እንዳየና ምን ምርጫ እንደ ነበረው እንጠይቅ።

በመሆኑም በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የንባብ ክበቦች ይህን መጽሐፍ በውይይት እንዲያነቡት እንመክራለን። እንግሊዝኛ የሚያነብ ለማያነበው ይተርክለት። ውይይቱ ሲጀመር ዘጠነኛው ምዕራፍ ይቅደም፤ የመካኒኮቹ ክርክር በሾፌሮችና በጋራዥ ሠራተኞች ፊት ይነበብና እነርሱ ይፍረዱ። ስለ ሠላሳኛው ምዕራፍ፣ ማለትም ስለ ታሊያሜንቶው ድልድይ፣ ዩኒፎርም ለብሶ የሚያውቅ ሰው ቅድሚያ ይናገር። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በመጀመሪያ ወንዶች ዝም ይበሉና የወለዱ ሴቶች ይናገሩ። ካትሪን ማንነት የላትም የሚል ካለ፣ በዚያ ሌሊት ከሐኪሞቹና ከባልዋ ይልቅ ማን እንደ ጸና እነርሱ ይነግሩታል።

የአንባቢያን መለያየት የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የሚያስፈራው ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ አልቅሶ ሌላውን ገጽ ሳያየው ሲያልፍ ነው። ለካትሪን ያለቀሰ አንባቢ እንባው ይገባታል፤ አንከለክለውም። ነገር ግን መጽሐፉን ከመክደኑ በፊት ለፓሲኒ፣ ለአይሞ፣ ስሙ ላልተጠራው ሃምሳ አለቃና በሌሊት ጀልባውን ለሰጠው ሠራተኛም አንድ ጊዜ ይቁም። እነርሱን የሚያካትት ሰላም ገና አልተጻፈም፤ መጻፍ ያለበትም በብዙ ሰው እጅ ነው።